ዝቅ ያለ ሁሉ በሽታ አይደለም

ስለ ደም ምርመራ ውጤት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ነጭ የደም ሴል ከ4,000 በታች ከሆነ ስፔሻሊስት እዩ» ይላል። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ነገር ይጨመርበት። ከመካከላችን ጥቂት የማንባለው በተፈጥሯችን ኒውትሮፊላችን (ኢንፌክሽን የሚዋጋው የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ዝቅ ያለ ነው። ዳፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ የዘር ነገር እንጂ በሽታ አይደለም።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ኒውትሮፊሏ 1,200 ሲወጣላት «ካንሰር ነው» ብላ እንቅልፍ አጣች። ሄማቶሎጂስቱ (የደም ስፔሻሊስቱ) የድሮ ውጤቶቿን ጎን ለጎን ደርድሮ አየ። ሁሉም እዚያው አካባቢ ናቸው። «ይሄ ያንቺ ኖርማል ነው» አላት። ስለዚህ የቆየ የላብራቶሪ ወረቀት አትጣሉ፤ ስፔሻሊስት ጋ ስትሄዱ ያዙት።

ቁጥሩ በቅርቡ የወረደ ከሆነ፣ ኢንፌክሽን ከተመላለሰ ወይም ያለምክንያት ከከሳችሁ ግን ቸል አትበሉ። ኒውትሮፊል ከ500 በታች ሆኖ ትኩሳት ካለማ ምን ቀጠሮ ያስጠብቃል፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!