ባለ አሥራ ሰባት ኪሱ ቦርሳ

ነገሩ የተጀመረው በሻይ ሰዓት ነው። ቢሯችን ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ ዘንድሮ ማታ ኮሌጅ ተመዝግባለች። ቀን ሥራ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ክፍል። «ጠዋት ይዤው የምወጣ፣ ማታ ይዤው የምገባ አንድ ቦርሳ ምረጡልኝ» አለች። ምክር የጠየቀች መስሏት ጠብ ጫረች።

ባልደረባችን ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ባለፈው ወር የገዛውን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ይሄ ሁሉም ነገር ነው» አለ። 17 ኪስ አለው። ቆጠርነው፣ አልዋሸም። በጎኑ ያለው ዚፕ ሲከፈት እየሰፋ 40 ሊትር ይሆናል። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ መሰኪያ አለው። ጀርባው ላይ ሌባ የማያገኘው ስውር ኪስ አለው። ለቢሮ ብትይ ለቢሮ፣ ለጂም ብትይ ለጂም፣ ላሊበላ ብትሄጂም ይበቃሻል። «የእጅ ሻንጣም ይሆናል» ብሎ ማንገቻውን ወደ ውስጥ ለመክተት ሲታገል ሻያችን ቀዘቀዘ።

መዝገብ ቤት የሚሠሩት እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

«እትዬ፣ ዘመኑ እኮ ተቀይሯል» አለ። መልስ ያጣ ሰው ሁሉ የሚላት ነገር ናት።

ልጅቷ ስለ መሰኪያው ጠየቀች። ባትሪ አለው? የለውም። ፓወር ባንኩን ራስሽ ትገዢና ውስጥ ትከቻለሽ፣ ቦርሳው ሽቦውን ወደ ውጪ ያወጣልሻል። ያው በእጅሽ የምትሰኪውን ነገር እሱ በሁለት ሽቦ ያዞርልሻል ማለት ነው። ዝናብ ሲመታውስ? «ክዳን አለው» አለና ክዳኑን ፈለገ። በአንድ ወር ውስጥ ጠፍቷል። እኔ ሳቄን በሻዩ አወራረድኩት።

እዚህ ላይ እትዬ ቦርሳውን ተቀበሉት። ኪስ አልቆጠሩም። ገለበጡትና ማንገቻው ከጀርባው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ፈልቀቅ አደረጉት። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ነው። የክሩ ጫፍ ተንጠልጥሏል። «እዚህ ጋ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሀሉ ላይ መስቀል መሠራት ነበረበት» አሉ። ቀጥለው እጃቸውን የላፕቶፑ ኪስ ውስጥ ሰደዱ። ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ቦርሳውን መሬት ላይ ዘጭ ስታደርጊው መጀመሪያ የሚመታው የላፕቶፑ ጥግ ነው። ደህና የተሠራ ቦርሳ ላይ ያ ኪስ ከወለሉ ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ይላል።

«አሥራ ሰባት ኪስ ሰፍተው አንድ ማንገቻ አቃታቸው። የቆጡን አወርድ ብላ…»

«…የብብቷን ጣለች» አልን በአንድ አፍ። ማንገቻ የሚያልፈውም በብብት ሥር ስለሆነ ተረቱ ልክ ገባ።

ልጁ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ጨርቁ 900 ዲኒየር ነው!» አለ። ሻጩ የነገረው ይመስለኛል፣ ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቀው «ጠንካራ ማለት ነው» አለን። ዲኒየር እንኳ የክር ውፍረት መለኪያ ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል የሚል። ይሁን፣ ጨርቁ ወፍራም ነው። ግን ቦርሳ በጨርቁ ሲቀደድ ስንቴ አይታችኋል? የሚለቀው ስፌቱ ነው፣ የሚከዳው ዚፑ ነው። ዚፕ የከዳው ቦርሳ ደግሞ ጆንያ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ቦርሳውን ሞልታችሁ ዚፑን ጥጉ ላይ፣ በሚታጠፍበት በኩል፣ አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ሻጩ ይቆጣ። ዚፑ ላይ የጃፓኖቹ ዚፕ አምራች የዋይኬኬ (YKK) ስም ተቀርጿል ብላችሁም አትዘናጉ፣ ስሙም ይኮረጃል።

ስለ 40 ሊትሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ያን ነገር ጭናችሁ አቅፋችሁ ስትቀመጡ ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስውር ኪሱም ቢሆን፣ መገናኛ ሰልፍ ላይ ቦርሳውን ጀርባው ላይ የሚያደርግ ማን አለ? ሁላችንም ደረታችን ላይ ነው የምናቅፈው።

ልጅቷ የሚያስፈልጋት ይታወቃል። 15.6 ኢንች ላፕቶፕ፣ አንድ ደብተር፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሃንድአውት፣ ጃንጥላ፣ ምሳ ዕቃ። ከ20 እስከ 25 ሊትር ይበቃታል። ወለሉ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ምሳ ዕቃው ቀጥ ብሎ እንዲቆም። የሽሮ ዘይት ኪቦርድ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው ነኝ፣ የራሴን ነው። ለሐምሌ ዝናብ ደግሞ «ውሃ አያስገባም» የሚለውን ወረቀት አትመኑ። ጨርቁ ባያስገባ በስፌቱና በዚፑ ይገባል። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ መክተት ነው።

እትዬ የራሳቸውን አሳዩን። ጥቁር ሸራ፣ ሦስት ኪስ። ማንገቻውን ሊስትሮ ሁለቴ ሰፍቶላቸዋል፣ ክሩ ቡናማ ነው። «አያምርም» አለ ልጁ። አዎ፣ አያምርም።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ቦርሳው አይደለም። ሁሉም ነገር «ሁሉም ነገር» ልሁን ማለቱ ነው። ስልኩ አራት ካሜራ አለው፣ ደውላችሁ ሄሎ ስትሉ ግን አይሰማም። ሻጩ ሁሉን «ኦሪጅናል ነው» ይላል፣ ጠበቅ ስታደርጉት «አንደኛ ደረጃ ኮፒ» ይሆናል። ያ ባልደረባችን ራሱ ቀን ሂሳብ ሠራተኛ፣ ማታ የቤት ደላላ፣ ቅዳሜ ቲክቶክ ላይ የትዳር አማካሪ ነው። አልፈርድበትም፣ ደመወዙን አውቀዋለሁ። ግን የወሩ ሂሳብ መቼም በሰዓቱ ተዘግቶ አያውቅም።

ከቢሯችን ሥር ያለችው ሱቅ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጁስ፣ የቪዛ ፎርም እንሞላለን» የሚል ተለጥፏል። ባለፈው ሁለት ገጽ ላስገለብጥ ገባሁ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አለችኝ ልጅቷ። «አቮካዶ ልጭመቅልህ?»