ስለ አንዲት «ኢ»

«ያስገቡት የፋይል ዓይነት ተቀባይነት የለውም። እባክዎ ጄፒጂ ብቻ ያስገቡ።»

እሺ። ኦንላይን ፎርም ላይ ፎቶ ስጭን የመጣልኝ መልስ ነው። ያስገባሁት ጄፒኢጂ ነበር። ልዩነቱ አንዲት «ኢ» ናት። ይህን ቀይ ጽሑፍ ያየ ሰው ፎርሙን የሠራው ባለሙያ ስለ ፎቶ የሚያውቀው ሦስት ፊደል ብቻ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለቱ ወንድማማች እንኳ አይባሉም፤ አንድ ራሱ ናቸው። ፎቶ አሳንሶ የሚያስቀምጠው ይህ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ስሙ ባለ አራት ፊደል ነበር። የያኔው የኮምፒውተር ሥርዓት ዶስ ግን በፋይል ስም ላይ ከነጥቡ በኋላ ከሦስት ፊደል በላይ አያስጽፍም። «ኢ»ዋ ተቆርጣ ቀረች። ዶስ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ጦሱ ግን እስከ ዛሬ እኛ ላይ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፋይልን ስም ግን ማንም ያወጣዋል። «ችግር የለም፣ ስሙን ቀይረው» የሚል ጓደኛ አለ። ሁሌም አለ። ፒኤንጂ የሚባለውን ሌላ የምስል ፋይል ራይት ክሊክ ያደርጋል፣ ሪኔም ይላል፣ ከነጥቡ በኋላ ጄፒጂ ብሎ ይጽፋል፣ «በቃ ኮንቨርት አደረግሁልህ፣ ዓይነቱን ቀየርኩልህ» ብሎ ይነሳል።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ይህን ተረት ስወደው! ሰው ሁሉ የሚስቀው በጅቡ ድፍረት ነው። እኔን የሚያስቀኝ ጥያቄው ነው። ከዕቃው ሁሉ መርጦ የሚበላውን ነገር ተኝቼበት ልደር አለ። ደግሞ ያነጠፉለትን ሰዎች አስቧቸው፤ እንግዳ ተቀባይነታቸው፣ «ኧረ ደህና እደር» ማለታቸው።

ስሙ የተቀየረው ፒኤንጂም ያው ነው። ጥሬ ባይቶቹን ከፍታችሁ ብታዩ፣ ከሁለተኛው ባይት ጀምሮ «ፒ፣ ኤን፣ ጂ» ተብሎ ተጽፎበታል። ብዙ የፎቶ ማሳያዎች ስሙን ትተው ይህን ስለሚያነቡ ፎቶው ይከፈታል፤ ጓደኛችንም ባለሙያ ነኝ ብሎ ይኖራል። ጥንቁቅ ፕሮግራም ጋ ሲደርስ ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይባላል። የሚወቀሰው ደግሞ ላኪው ነው።

ቂም ካነሳን አይቀር፣ ሎጎ በጄፒጂ የሚልክ ሰው አለ። ጀርባው ክፍት የነበረውን፣ ከኋላው ያለውን የሚያሳየውን ሎጎ ጄፒጂ ሲያደርገው ነጭ ሳጥን ይለብሳል፤ ጄፒጂ ክፍት ጀርባ አያውቅምና። «ሳጥኑ አስቀየመኝ» ስትሉት መልሶ ፒኤንጂ አድርጎ ይልከዋል። ነጩ ሳጥን እንዳለ አለ! ጠጋ ብላችሁ እዩት። በፊደሎቹ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ብዥታ አለ። ጄፒጂ ምስሉን 8 በ8 ፒክሰል እየከፋፈለ፣ ዓይን አያየውም ያለውን ይጥላል። ለፊትና ለሰማይ ደህና ነው፣ ለፊደል ግን መከራ። የጣለውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ፒኤንጂ ምንም የማይጥል ጨዋ ነው፤ የተረከበውን ብዥታም አንዲት ፒክሰል ሳያጎድል ይጠብቃል። ፋይሉም ብዙ ጊዜ ይወፍራል። ብዥታ በክብር ተቀምጦ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ፒኤንጂ ራሱ የተወለደው በንዴት ነው። ጂፍ የሚባለው የምስል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቶ ሁሉም ተላመደው። በ1994 መጨረሻ ላይ ዩኒሲስ የሚባል ኩባንያ ተነስቶ «ውስጡ ያለው፣ ፋይሉን የሚያሳንሰው የማመቂያ ዘዴ የእኔ ፓተንት ነው፣ ፕሮግራም የምትሠሩ ክፈሉ» አለ። ተናዳጆቹ ተሰብስበው ፓተንት የሌለበትን ሠሩ። በ1996 ፒኤንጂ ወጣ። ከጂፍ የ256 ቀለም እስርም ገላገሉን። ሁሉም ንዴት እንዲህ ፍሬ ቢኖረው እኔ እስካሁን ስንቱን በሠራሁ።

አሁን ግን ቀልዱን ልተው። «በነፃ ኮንቨርት እናደርጋለን» የሚሉት ገጾች ላይ ሰው መታወቂያውን፣ ፓስፖርቱን፣ የልጁን ፎቶ ይጭናል። የማን ሰርቨር ላይ? ምን ያህል ይቀመጣል? ማንም አይጠይቅም። ሦስት «ዳውንሎድ» የሚል ቁልፍ ተደርድሯል፣ ሁለቱ ማስታወቂያ ናቸው። ይሄ ሁሉ ለምን? ዊንዶውስ ላይ ፔይንት አለ፤ ፎቶውን ከፍቶ «ሴቭ አዝ» ማለት ነው። ማክ ላይ ፕሪቪው አለ፣ «ኤክስፖርት» ይላል። ኢንተርኔት እንኳ አይፈልግም። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፎቶ ኤችኢአይሲ በሚባል ሌላ ዓይነት ሲያስቀምጥ ጊዜ የተጨነቀው ሕዝብ ሁሉ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራውን ወደ ጄፒጂ መመለስ ይችል ነበር። የነገረው የለም። ወይ የሚነግረው ሪኔም የሚያደርገው ጓደኛው ነው።

ፎርሙ? «ኢ»ዋን ፋቅሁለት፣ ተቀበለኝ። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ባይት አልተነካችም። ቀጥሎ «ፎቶው 300 ዲፒአይ ይሁን» የሚል መጣ። ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ የሚለው ቁጥር፣ እኮ ወረቀት ላይ ሲታተም ነው! 600 በ600 ፒክሰል የሆነ ፎቶ 72 ተብሎ ቢጻፍበት፣ 300 ቢጻፍበት፣ ያው 600 በ600 ነው። እሱን ከጀመርኩት ግን ይመሽብናል።