ሲባዛ ስንት ይመጣል?

ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምን ስለ ሟች ትንሽ አወራን፣ ስለ ዝናቡም ትንሽ። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጠጋ አለኝ። «ያቺ አሜሪካ ያለችው እህትህ አሁን ስንት ይከፍሏታል?»

ታውቁታላችሁ። እናንተም ሰፈር አለ። አባዢው ነው።

ሳላስበው «ከነኦቨርታይሙ 3,200 ዶላር ገደማ» አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስልኩን ከኪሱ መቼ እንዳወጣው እንኳን አላየሁም። 3,200 ሲባዛ በ150። 480,000! ስክሪኑን ለግራው አሳየ፣ ለቀኙ አሳየ። «በወር ግማሽ ሚሊዮን!» ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አባት ንፍሯቸውን አስቀምጠው አማተቡ። ሌላው ደግሞ «እሱ እኮ በባንክ ነው፣ በጥቁር ገበያ ቢመታ…» ብሎ ጨመረላት። እህቴ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ የደመወዝ ጭማሪ አገኘች። አሠሪዎቿ አልሰሙም።

እኔ አባዢዎችን አደንቃለሁ። የዓለም ኢኮኖሚስቶች አንድ ደመወዝ እዚህና እዚያ ምን ያህል ይገዛል እያሉ ሲጨነቁ ነው የኖሩት። ዘ ኢኮኖሚስት የሚባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በየአገሩ የሃምበርገር ዋጋ ያነጻጽራል። ምን አደከማቸው? ስልክ ላይ ካልኩሌተር አለ እኮ። የእኛ ሰው ኪራይ፣ ግብር፣ ኢንሹራንስ የሚባል ጣጣ ውስጥ አይገባም። ዶላር ዶላር ነው። ቨርጂኒያም ተሠራበት ኦሃዮ፣ ለእሱ ያው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ ሌላው ሕዝብ ዘይት ሊጨምር ነው ብሎ ሲደነግጥ፣ እሱ በ57 ማባዛቱን ትቶ ከ100 በላይ ወጣ። እህቴ በተኛችበት ሀብቷ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የምትገዛው እንቁላል ግን ወሬው አልደረሰውም።

እሺ፣ እናባዛ። ግን ከጀመርን አይቀር ሁሉንም ነው።

እህቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት በ1,900 ዶላር ትከራያለች። ሲባዛ 285,000 ብር። በዘር ማንዘራችን ለወር መኖሪያ ይህን ያህል የከፈለ ሰው የለም። ቤተ መንግሥቱ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ፍሪጁን መክፈት ይቻላል። ጠዋት የ750 ብር ቡና ትጠጣለች። በወረቀት ኩባያ፣ ቆማ፣ ያለ ፈንዲሻ። ፀጉሯን በ30,000 ብር ትሠራለች፣ ስትወጣ ለሠራቻት ልጅ 4,500 ብር ጉርሻ ትሰጣለች። መኪናዋን ካቆመችበት አሥር ደቂቃ አሳልፋ ብታነሳ 7,500 ብር ትቀጣለች፣ እሱንም ሳትከራከር ትከፍላለች። ማታ ደግሞ የ1,800 ብር እሽግ እንጀራ ገዝታ ትገባለች። በምን ልትበላው? በሽሮ! የ1,800 ብር እንጀራ በሽሮ! ንግሥተ ሳባ እንኳን እንዲህ አልቀበጠችም። እንደዚህች ያለች አባካኝ ስለወለደ ቤተሰባችን ይቅርታ ይጠይቃል።

ወደዚህም እንመልሰው። ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ደመወዙ 12,000 ብር ነው። ሲካፈል 80 ዶላር። በአባዢው ሒሳብ ከሄድን ጓደኛዬ ደመወዝ በተቀበለ በሁለተኛው ቀን ይሞታል፣ በሦስተኛው ለቅሶ እንቀመጣለን። እሱ ግን በአራተኛው ቀን ጠመኔ ይዞ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ኑሮ ከብዶታል፣ አልዋሽም። ቢሆንም የቤት ኪራዩን ከፍሎ ጤፉን ከዘመድ ጋር ተጋርቶ ይገፋታል። እውነተኛው ሞት አዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ ዕለት ነው። እስኬሉ ያው ነው፣ አከራይ ግን እስኬል አያነብም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው። ይኸው ሰውዬ ከሁለት ዓመት በፊት በእናታችን ለቅሶ ላይም ነበር። እህቴ አልመጣችም። የአውሮፕላን ቲኬቱና ሥራ የምትቀርበት ሳምንት ተደምረው ከቤቷ ያስወጧት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሰው አዛውንት ስታገላብጥ አድራ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የእናቷን ቀብር በስልክ አየች። እሱ ያን ቀን ምን አለ? «ያን ሁሉ ዶላር እያፈሰች ለእናቷ እንኳን አትመጣም? ጨካኝ!» ያኔ ዝም አልኩት። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንተ ሰውዬ፣ መኪና ውስጥ ብቻዋን ያለቀሰችውንስ በስንት አባዛኸው?

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አባዢው ማካፈልም ያውቃል። ሲቆጥርላት ያባዛል፣ ሲለምናት ያካፍላል። እሑድ ዕለትም ወሬው ዞሮ ዞሮ ልጁ ጋ ደረሰ። ልጁ ሱቅ ሊከፍት 150,000 ብር ጎድሎታል። «ለእሷ እኮ 1,000 ዶላር ናት፣ ንገርልኝ» አለኝ። ናት! አሳንሶ፣ አቆላምጦ፣ ጎኗን ዳሰስ አድርጎ።

ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ሰውዬው የሁለት ወር መዋጮ፣ 200 ብር፣ አለበት። ስልኩ ቀስ ብሎ ወደ ኪስ ገባ።

«ጋሼ፣ ኑሮውን እያዩት…»

«200 ብር እኮ ሲካፈል አንድ ዶላር ከምናምን ሳንቲም ናት» አልኩት።

እስካሁን ሰላም አላለኝም።