የተቃጠለ ፕላስቲክ ጭሱ በኖ አይቀርም

ብዙዎቻችሁ «ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ከሚከማች፣ ጓሮ ላይ ማቃጠል ይሻላል፣ ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል» እያላችሁ ነው። ከቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፣ የተከማቸ ቆሻሻ ዝንብና አይጥ ይጠራል፣ ግን ጭሱ በኖ ይጠፋል የሚለው ልክ አይደለም። ሜዳ ላይ ያለ እሳት ሙቀቱ ዝቅተኛና ያልተስተካከለ ስለሆነ ፕላስቲኩ በደንብ አይነድም፣ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ደቃቅ ብናኝ ይለቃል፣ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ካለበት ደግሞ (የኤሌክትሪክ ገመድ ልባጥ፣ የቧንቧ ቁራጭ ምናምን) ዳይኦክሲን የሚባል ለካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ይፈጠራል። ዋናው ችግር እሱ ነው፣ ነፋስ ቢወስደውም ሳርና አፈር ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ዶሮዋ ከአፈሩ ጋር ትለቅመዋለች፣ ከዛ በወተትና በእንቁላል አድርጎ እኛው ጋ ይመጣል፣ ሰውነት ውስጥም ስብ ላይ ተጠራቅሞ ለዓመታት ይቆያል።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ዳይኦክሲን የጻፈውን ይይ፣ ሰው ለዳይኦክሲን ከሚጋለጠው ከ90 በመቶ በላይ በምግብ በኩል ነው ይላል። ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን ለመቀነስ አገሮች የተስማሙበት የ2001ዱ (እ.ኤ.አ.) የስቶክሆልም ስምምነትም ቆሻሻን ሜዳ ላይ ማቃጠልን ከዳይኦክሲን ምንጮች አንዱ አድርጎ ዘርዝሮታል።

«ታዲያ ትላልቆቹ የቆሻሻ ማቃጠያ ፋብሪካዎችስ?» ላላችሁ፣ እነሱ ለምሳሌ በአውሮፓ ሕግ ጋዙን ቢያንስ 850 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰከንድ ማቆየትና ከዛም ማጣራት አለባቸው፣ ጓሮ ላይ ወይ በርሜል ውስጥ ስታቃጥሉ ይሄ የለም። አመዱንም አትክልት ላይ አትበትኑት። ደረቁን ከእርጥቡ ለይታችሁ አስራችሁ እስኪነሳ አቆዩት፣ በተለይ ሕፃን ወይ አስም ያለበት ሰው አጠገባችሁ ካለ እባካችሁ አታቃጥሉ።