ሳይክል ላልነዱ ሳይክለኞች የቀረበ ምስጋና

ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ቤት ግቡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ፒያሳ ፈርሷል እንዳትሉኝ፤ ማኪያቶ አላጣንም። ከጎናችሁ ሁለት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። አንዱ ጠያቂ ነው፣ አንዱ መላሽ።

"ዱ ዩ ራይድ ኤ ባይሲክል?" ይላል ጠያቂው፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

መላሹ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ቱ ቢ ኦነስት..." ብሎ ይጀምራል። እውነቱን ልንገርህ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድም እውነት የለም።

ለእነዚህ ልጆች ባርኔጣዬን አነሳለሁ። በከተማችን ስንት ሳይክለኛ እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ መንገድ ላይ ቆማችሁ አትቁጠሩ። ለአይኤልትስ፣ ውጭ አገር ለመሄድ ለሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የሚዘጋጁትን ቁጠሩ። እነሱ ዘንድ የማይነዳ የለም። ሁሉም በሰባተኛ ዓመት ልደቱ አባቱ ቀይ ሳይክል ገዝቶለታል። ቀዩ ለምን ቀይ እንደሆነ አትጠይቁ፤ የሚሸመድዱት የመልስ ወረቀት ቀይ ይላል። ሁሉም ጠዋት ጠዋት በሳይክል ሥራ ይሄዳል። ለጤናው ያስባል፣ ለአየሩ ደግሞ የበለጠ ያስባል። "ኢኮ ፍሬንድሊ" ሳይል ያለፈ አላጋጠመኝም። እንዲህ ያለው ልጅ ማኪያቶ ቤቱ የደረሰው አርባ ደቂቃ አርፍዶ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር።

አንዳንድ ምቀኛ "ሽምደዳ ነው" ይላል። ነውር ነው። አባቶቻችን ዳዊት በቃላቸው ይደግሙ አልነበር? ልጆቻቸው ደግሞ ፒዲኤፍ ይደግማሉ። ልዩነቱ ትንሽ ናት። የድሮዎቹ የደገሙትን ትርጉም ፍለጋ ዓመታት ያሳልፉ ነበር። የኛዎቹ ትርጉም ፍለጋ ጊዜ አያባክኑም።

የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ እየመጣ ይለማመዳል። "ጋሼ፣ ዛሬ ፈታኝ አንተ ነህ" ብሎ ወረቀት ያቀብለኛል። ከአንድ የቴሌግራም ቻናል አውርዶ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተመው ነው። በከተማህ ሳይክል መንዳት ቀላል ነው ወይ የሚለውን ጠየቅኩት። ሳይተነፍስ መለሰልኝ። ከተማዬ ሜዳ ናት፤ ቦዩን ተከትሎ የሚሄድ የሳይክል መንገድ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ቦዩ ዳር እነዳለሁ።

"የቱ ከተማ ነው?" አልኩት።

"አዲስ አበባ ነዋ።"

"ቦዩስ?"

ትንሽ አሰበ። "ቀበና ይሆናላ።"

"ሜዳውስ?"

"ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ጠይቀኝ!"

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ትራሷ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን ይዞ እስከ ማዘጋጃ ቤት ፔዳል የመታ ሰው "ሜዳ" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። መጀመሪያ ነገር ትንፋሽ የለውም። ፈታኙም ያንን ዳገት አይቶታል፣ ምናልባትም ጠዋት ወጥቶት ነው የመጣው። "ከተማዬ ሜዳ ናት" ሲባል ግን ፊቱ አይለወጥም። ሙያ ማለት ይሄ ነው። የልጆቻችን ብልጠት ግን ይበልጣል። ሰው ቪዛ ለማግኘት ነው የሚፈተነው፤ እነሱ ቪዛ ሳይመታላቸው አምስተርዳም ገብተው መኖር ጀምረዋል።

እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ አሳፍራቸው ነበር። ልጅ ሳለሁ ሳይክል አልነበረኝም። ሰፈራችን ውስጥ የሚያከራይ ሰውዬ ነበር፣ አንድ ዙር በስሙኒ። ሳይክሉ ፍሬን አልነበረውም። ፍሬኑ የተከራዩ ኮንጎ ጫማ ነው። የኋላ ጎማው ላይ ጫማችሁን ትጫናላችሁ፣ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ሳይክሉ ሲፈልግ ይቆማል። አንድ ቀን ሳይፈልግ ቀረ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ይዞኝ ወረደ። ያቆመኝ የሽንኩርት ጆንያ ነው። ባለ ሽንኩርቷ "ልጄን! ልጄን!" እያሉ ጉልበቴን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። አከራዩ እየሮጠ ደረሰና ቀድሞ ያየው ሳይክሉን ነው። ከዚያ ሁለተኛ ስሙኒ ጠየቀኝ። "ዙርህን አልፈሃል" አለኝ።

ይሄን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ታዲያ ይሄን የመሰለ ነገር ብታወራ አይሻልም?" አልኩት።

ሳቁን አቆመ። "ጋሼ ደግሞ! ሽንኩርት ባንድ ሰባት ያመጣል?" ባንድ ሰባት የሚፈልገው የፈተና ነጥብ ነው።

ደንቡን ላስረዳው ሞከርኩ። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። መሀል ላይ ካርድ ይሰጡሃል፤ 1 ደቂቃ ታስባለህ፣ እስከ 2 ደቂቃ ታወራለህ። የሚለካው አራት ነገር ነው። ንግግርህ ተያይዞ መፍሰሱ፣ የቃላት ሀብትህ፣ ሰዋስውህና አጠራርህ። ሳይክል ይኑርህ አይኑርህ ማንም አያጣራም። ውሸት ነጥብ አያስቀንስም። የሚያስቀንሰው ሽምደዳ ነው፤ ፈታኙ ከነቃብህ ጥያቄውን ይቀይርብሃል።

"ስለዚህ ከዋሸህ አይቀር በራስህ ቃል ዋሽ" አልኩት። እህቴ ይሄን ምክሬን አልሰማችም፣ እንዳትነግሯት።

አገርህ ውስጥ ሳይክል ይወደዳል ወይ የሚልም ጥያቄ አለ። ወረቀቱ "ድሮ ሕዝቡ ሁሉ በሳይክል ነበር የሚሄደው፣ አሁን መኪና ተካው" ይላል። የቻይና ታሪክ ነው፤ የሚያምር ታሪክ ነው። የእኛን ማንሳት ጉራ ይሆናል። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሊምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ከወከሏት መካከል ሳይክለኞች ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት ማለት ነው። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን ትልቅ የሳይክል ውድድር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳርን ላነሳላችሁ ነበር፣ ተውኩት። ልጆቻችን ትሑት ናቸው። የራሳቸውን ትተው የጎረቤት ያወድሳሉ፣ ያውም የሩቅ ጎረቤት።

በእርግጥ አሁን በኮሪደር ልማቱ አራት ኪሎም ፒያሳም የሳይክል መስመር ወጥቶላቸዋል። ባለፈው እሑድ ቆሜ አየሁት። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዱበታል። አንድ ሰውዬ መሀሉ ላይ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር፣ ስለ መሬት ይመስለኛል። ሳይክልም አለፈ፣ አንድ። ወረቀቱ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው። "ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን" ይላል፣ ጨረቃዋ ሰማያዊ ስትሆን። ከዚያ ሁሉ ገጽ አዲስ አበባን የሚያውቃት ይቺ መስመር ብቻ ናት።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተፈተነ። ማታ ደወለልኝ።

"እህስ፣ ሳይክል መጣ?"

"አልመጣም ጋሼ። ስለ ጃንጥላ ነው የጠየቀኝ።"

"ወይ ጉድ! ታዲያ ምን አልክ?"

"ምን እላለሁ? የሸመደድኩት ሳይክል ነው። በሰባተኛ ዓመት ልደቴ አባቴ ቀይ ጃንጥላ ገዛልኝ አልኩት።"

"ጎሽ። ይሄ እንኳን ያስኬዳል።"

ዝም አለ።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ አፌ አልቆም አለኝ። ጠዋት ጠዋት እየነዳሁት ሥራ እሄዳለሁ አልኩት።"