ቆሻሻ ለይቼ ባስቀምጥ ምን ዋጋ አለው?

ሰልችቶኛል! ሳምንቱን ሙሉ ሃይላንዱን በአንድ ማዳበሪያ፣ የሽንኩርትና የድንች ልጣጩን በሌላ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ልጆቼ እንኳ ለምደውታል። ቅዳሜ ጠዋት ጋሪው ይመጣል። ሁለቱም ማዳበሪያ ዓይኔ እያየ አንድ ላይ ይዘረገፋል። "ለምን?" ብዬ ብጠይቅ፣ ጋሪውን የሚገፋው ልጅ "እትዬ፣ ገንዳው እንደሆነ አንድ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ቆራሌው እንኳ ሃይላንዷን ከደጄ ለምኖ ይወስዳል፤ ዋጋዋን ያውቃላ! መጋቢት 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ፈጀ። ያ ክምር እኮ ከየቤታችን የወጣ ነው። ለአትክልት አፈር መሆን የሚችል ልጣጭ ዛሬም ከፕላስቲክ ጋር ተለውሶ ይሄዳል። ሁለት ገንዳ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሄን ያህል ከበደ?