አውቶቡስ ያለ መንገድ

ከሰሞኑ አንድ ወዳጄ ወትውቶ ወትውቶ አንድ አስፈሪ ፊልም አሳየኝ። "በሳንቲም ነው የተሠራው፤ ደሙ ግን ጉድ ነው!" አለኝ። ደሙን ቻልኩት። አንጀት ሲጎተትም ቻልኩት። ያልቻልኩት ድምፁን ነው።

ሰዎቹ ሲያወሩ ይንሾካሾካሉ። ጫካ መሐል ባለ ባዶ ቤት ውስጥ ሆነው ይንሾካሾካሉ። ማን እንዳይሰማቸው ነው? ምን አሉ ብዬ ድምፁን እጨምራለሁ። ጆሮዬ ገና አንዲት ቃል ስትይዝ፣ ጓ! ሪሞቱ ከእጄ ያመልጣል። ከሶፋ ሥር አውጥቼ እቀንሳለሁ። እንደገና ሹክሹክታ። እጨምራለሁ። እንደገና ጓ! ፊልሙ ሲያልቅ የደከመኝ አውራ ጣቴን ነው።

ያ ሁሉ ጩኸት ለምን መሰላችሁ? ለድመት። ቁም ሳጥኑ ተከፈተ፣ ድመት ዘለለች፣ ሙዚቃው ሰማይ የተደፋ አስመሰለው። ድመቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ትሠራ ነበር? ማን ቆለፈባት? መልስ የለም። እሷም ድርሻዋን ተወጥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ አልታየችም።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣ "ካት ፒፕል" የሚባል ፊልም አለ። እሱም በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ነው። አንዲት ሴት በሌሊት ጭር ባለ መንገድ ብቻዋን ትሄዳለች። ሌላ ሴት ትከተላታለች። የሁለት ሰው ኮቴ ይሰማል። ቀጥሎ የአንድ ሰው ብቻ። ሴትየዋ ዞር ትላለች፤ ማንም የለም። ትፈጥናለች። አሁን ሊይዛት ነው ብላችሁ ትንፋሻችሁን ስትውጡ ሲጥጥ የሚል ድምፅ ይመጣል። አውቶቡስ ነው። ፍሬን ይዞ ቆመላት። የፊልም ሰዎች በፕሮዲውሰሩ በቫል ሉተን ስም እስከ ዛሬ ይህን ዘዴ "የሉተን አውቶቡስ" ይሉታል።

ልብ በሉ፤ እዚያ አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ፈርተን ጨርሰናል። ወዳጄ ያሳየኝን ፊልም የሠሩት ግን አውቶቡሱን ብቻ ወሰዱና መንገዱን ተዉት። በየአምስት ደቂቃው አውቶቡስ። ከየት መጣ የለ፣ ማን ሊሳፈር የለ።

ወዳጄ ግን በረገግሁ ቁጥር ያጨበጭባል። "አየህ! ደነገጥክ! ፊልሙ ይሠራል ማለት ነው!"

ይህቺን ንግግር አውቃታለሁ። የአጎቴ ልጅ ንግግር ናት። ልጆች ሳለን ከበር ጀርባ ተደብቆ "ቧ!" ማለት ሥራው ነበር። እኔ ውሃ ይዤ እገባለሁ፣ እሱ "ቧ!" ይላል፣ ውሃው ይደፋል። ታላላቆች ይመጣሉ። የሚቆጡት ማንን ነው? እኔን! "ምን ያስደነብርሃል?" ተብዬ ወለሉን የምወለውል እኔ፣ ግድግዳ ተደግፎ በሳቅ የሚፈርስ እሱ። ለመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ "ፈሪ እኮ ነው" እያለ ያወራልኛል። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ክራቫት አስሮ ስለ መከባበር ንግግር ያደርጋል። እኔ ግን አሁንም በር ስከፍት ግድግዳው እስኪነካ ድረስ ገፍቼ ነው የምገባው። ይቅርታ ያልጠየቀኝ መሆኑንም እዚህ ላይ ይመዝገብልኝ።

ለመሆኑ ፈርቼው ነበር? በፍጹም! ማንም ሰው ድንገት ሲጮሁበት ዓይኑ ይጨፈናል፣ ትከሻው ሽቅብ ይላል፣ አንገቱ ይቀበራል። አእምሮው ነገሩን ሳያውቀው በፊት ሰውነቱ ጨርሶታል። ገና የተወለደ ሕፃንም ያደርገዋል። ደጋግመው ከጮሁበት ደግሞ እየለመደው ይሄዳል። ስለዚህ በፊልሙ መጀመሪያ ጓ ያለ ሰው መጨረሻው ላይ ጓ ጓ ማለት ግዴታው ነው። ጥበብ ነው እንዳትሉኝ። ለዚህማ ድስትና ጭልፋ ይበቃ ነበር።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ለእነዚህ ፊልሞች መድኃኒታቸው አንድ ተረት ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።" ከተረቶቻችን ሁሉ ይህን የሚያህልብኝ የለም። ሁለት ቃል ናት፤ የአስፈሪ ፊልም ጽሑፍ ግን ሙሉ በሙሉ አለባት። መብራት ጠፍቷል፣ ስልክ አይሠራም፣ ከምድር ቤት የሚያቃስት ነገር ይሰማል። ሰውየው ምን ይላል? "እዚሁ ጠብቂኝ፣ አይቼ ልምጣ።" ሂድ፣ ተመንጠር! እኔ ከተጠራጣሪ ቤተሰብ ነው የወጣሁት። በር ቆልፈን፣ ተኝተን፣ ቆልፈናል ወይ ብለን ተነስተን የምናይ ሰዎች ነን። የኛ ቤተሰብ አንድ አስፈሪ ፊልም ውስጥ ቢገባ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሻንጣ ሳናወርድ እንመለሳለን።

ደግሞ ያቺ ልጅ! ገዳዩን በገዛ ቢላዋው አንድ ጊዜ መታችው። ወደቀ። እሷ ምን አደረገች? ቢላዋውን ወርውራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ማልቀስ። እህቴ፣ ቢላዋው ምን አደረገሽ?

ወደ ደሙ ልመለስ፤ ወዳጄ የሚኮራበት እሱ ነው። ሰው ሠራሽ ደም አብዛኛውን ጊዜ ከበቆሎ የሚወጣ ወፍራም ሽሮፕና የምግብ ቀለም ነው። ስኳር ነው እንግዲህ። ባየነው ፊልም ውስጥ ከልጅቷ አንገት ወርዶ ነጭ አንገትጌዋ ላይ ሲደርስ ሮዝ ሆነ። በሚቀጥለው ምስል አንገትጌዋ ታጥቦ ተተኩሷል። በሦስተኛው ምስል ደሙ ተመልሷል፤ አሁን ግን በሌላኛው በኩል ነው። እሷ እየጮኸች እኔ ሸሚዙን እከታተላለሁ።

"ሰው ራሱን ስቶ ወድቋል እኮ!" አለኝ ወዳጄ። ይሄ ደግሞ የቆየ ገበያ ነው። ዊልያም ካስል የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1958 "ማካብር" የተባለ ፊልሙን ሲያወጣ፣ በፍርሃት የሞተ ተመልካች ካለ 1,000 ዶላር ይከፈላል የሚል የሕይወት መድን አደለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኸርሼል ጎርደን ሉዊስ በ24,500 ዶላር ገደማ "ብለድ ፊስት"ን ሠራ። ደም የሚረጭበት የፊልም ዓይነት በሱ ተጀመረ ይባላል። ለተመልካቹም የማስመለሻ ከረጢት ታደለ። ሉዊስ በኋላ ፊልሙን ትቶ በማስታወቂያ ጽሑፍ ስመ ጥር ሆነ። ይገርማል? አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2022 "ቴሪፋየር 2" በ250 ሺህ ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባም ወሬው ያው ነበር፤ እገሌ ወደቀ፣ እገሊት አስመለሳት።

ደም አይቶ የሚወድቅ ሰው እኮ ድሮም አለ። የደም ግፊቱ ድንገት ይወርድና ይዘረራል። ለምርመራ ሁለት ጠብታ ሲቀዳበት የሚዘረር ስንት ጠብደል አለ። መርፌዋን የሸለማት ግን የለም።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃኝ። ወዳጄ ባሳየኝ ፊልም መሐል አንዲት ሴት ትገደላለች። ገዳዩ ጊዜውን ወስዶ፣ ካሜራውም አብሮት ጊዜውን ወስዶ። ስለቱን ከላይ አየነው፣ ከሥር አየነው፣ ከጎን አየነው። የሴትየዋን ስም ግን አልሰማንም። ከየት መጣች፣ ማን ይጠብቃታል፣ ምን ትወዳለች፣ ምንም። ስም ለማውጣት ገንዘብ ያስፈልጋል? ስም ነፃ ነው! "በጀት የለንም" የሚሉኝ ለመብራቱ ይሁን፣ ለልብሱም ይሁን። ለዚህ ግን አልሰማቸውም። ይህን የሠራ ሰው አላስፈራኝም። አስቀየመኝ።

ድህነት ምክንያት አይሆንማ። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 "ሳይኮ"ን የሠራው የቴሌቪዥን ባልደረቦቹን ይዞ በ800 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቃል። የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከአርባ ደቂቃ በላይ ከሴትየዋ ጋር ነበርን። ገንዘብ ሰርቃለች፣ ጨንቋታል፣ ተጸጽታ ልትመልስ ቆርጣለች። እና ገና ውሃውን ስትከፍት እናውቃታለን። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው "ሃሎዊን"ም ያው ነው። ጭምብሉ ከሁለት ዶላር በታች የተገዛ የ"ስታር ትሬክ" የቴሌቪዥን ድራማ ካፒቴን ፊት ነው፤ ነጭ ቀለም ቀብተውት ነው። ደም የለውም ማለት ይቻላል። ያ ነጭ ፊት አጥር ሥር ዝም ብሎ ሲቆም ግን እኔ ሪሞቱን ረስቼዋለሁ።

አዎ፣ ሪሞቱ። ስለ ድምፁ ነበር የጀመርኩት መሰለኝ።

መላ አግኝቼለታለሁ። ወዳጄ ክፍል ሁለትን ይዞ መጣ፤ "ይሄኛው ይብሳል" አለ፣ ደስ ብሎት። እኔም ድምፁን ወደ ታች አድርጌ የግርጌ ጽሑፉን ከፈትኩት። ሹክሹክታው ቁጭ ብሎ ይነበባል። ከዚህም በላይ፣ ጽሑፉ ከጩኸቱ ቀድሞ ይመጣል። ልጅቷ ገና ወደ ቁም ሳጥኑ ስትራመድ ከሥር "ድመት ትጮኻለች" ይላል። ወዳጄ ተናደደ። "አጥፋው! ድንጋጤውን አበላሸው!" ይለኛል።

አላጠፋሁትም።